የመድኃኒቱ ጉዳት ወይስ የበሽታው? የሲክል ሴል አዳዲስ ሕክምናዎች ደህንነት እንዴት ይፈተሻል

ሲክል ሴል አኒሚያን አብዛኞቻችን የምናውቀው በጄኔቲክስ ፈተና ነው። አንድ ጂን፣ አንድ ለውጥ፣ ወባን መቋቋም ብለን መልሱን ጽፈን እንወጣለን። በደጋው የአገራችን ክፍል ጂኑ ብርቅ ስለሆነ በሽታው ያለበትን ሰው በአካል ያየ ተማሪ በትምህርት ክፍላችን ብዙ አይገኝም ብዬ እገምታለሁ። ይሁን እንጂ በዓለም ላይ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች ከዚህ በሽታ ጋር ይኖራሉ፤ የሚበዙትም ከሰሃራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች ነው። ለረጅም ዘመን መድኃኒት አጥቶ የኖረው ይህ በሽታ በቅርቡ አዳዲስ ሕክምናዎችን አግኝቷል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ1998 ሃይድሮክሲዩሪያን፣ በ2017 ኤል ግሉታሚንን፣ በ2019 ቮክሴሎቶርንና ክሪዛንሊዙማብን፣ በ2023 ደግሞ ሁለት የጂን ሕክምናዎችን አጽድቋል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታዲያ ከእነዚህ ውስጥ ክሪዛንሊዙማብ በ2023 በአውሮፓ ፈቃዱን አጣ፤ ቮክሴሎቶር ደግሞ በ2024 ከዓለም ገበያ በሙሉ ተሰበሰበ። ሁለቱም በሥርዓት ተሞክረው፣ ውጤታቸው በታላላቅ መጽሔቶች ታትሞ የጸደቁ ናቸው። በተለይ የቮክሴሎቶር ጉዳይ ከደህንነት ጋር የተያያዘ ስለሆነ አንድ ጥያቄ ያስነሳል፦ የመድኃኒቱ ጉዳት በመጀመሪያው ሙከራ ላይ ለምን አልታየም? መልሱን ለማግኘት ከበሽታው ጠባይ መጀመር ይኖርብናል። በሲክል ሴል ላይ የመድኃኒት ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ የበሽታውን ልብስ ለብሶ ይመጣልና።

በሽታውን ባጭሩ ላስታውስ። ቤታ ግሎቢን የሚባለውን ፕሮቲን ከሚሠሩት አሚኖ አሲዶች ስድስተኛው ግሉታሚክ አሲድ መሆን ሲገባው ቫሊን ሆኖ ይገኛል። ይህን ጂን ከሁለቱም ወላጆቹ የወረሰ ሰው ሄሞግሎቢኑ ኦክስጅን በለቀቀ ቁጥር እርስ በርሱ እየተጣበቀ ዘንግ መሳይ ነገር ይሠራል፤ ክቡ ቀይ የደም ሴልም እንደ ማጭድ ይቆለመማል። ጤነኛ ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ገደማ ሲኖር ይህኛው ከ10 እስከ 20 ቀን ብቻ ነው የሚቆየው። ስለዚህ ታማሚው ሁልጊዜ ደም ያንሰዋል። በዚያ ላይ የተቆለመሙት ሴሎች ከነጭ የደም ሴሎችና ከደም ሥር ግድግዳ ጋር እየተጣበቁ ቀጫጭን የደም ሥሮችን ይዘጋሉ። ያን ጊዜ የሚመጣው ሕመም ሐኪሞች ክራይሲስ የሚሉት ሲሆን ሰውን ለቀናት ሆስፒታል የሚያስተኛ ነው።

አዋቂ ታማሚ ማለት እንግዲህ ይህ ነገር በሰውነቱ ውስጥ 20፣ 30፣ 40 ዓመት ሲደጋገም የኖረ ሰው ማለት ነው። ጣፊያው ገና በልጅነቱ ሥራ አቁሟል። ኩላሊቱ ቀስ በቀስ ተጎድቷል። ደም በተደጋጋሚ የተሰጠው ከሆነ ጉበቱ ውስጥ ብረት ተከማችቷል። የሳንባ የደም ግፊት ሊኖርበት ይችላል፤ ለሕመሙም ጠንካራ ማስታገሻዎችን ይወስዳል። አዲሱ መድኃኒት የሚገባው እንዲህ ወዳለ ሰውነት ነው።

የላብራቶሪ ቁጥሮቹ ችግር

አንድ መድኃኒት ጉበትን ይጎዳ እንደሆነ ለማወቅ ምን እናያለን? ቢሊሩቢንን እናያለን፤ ኤኤስቲና ኤኤልቲ የሚባሉትን ኢንዛይሞች እንለካለን። እነዚህ ከፍ ካሉ ጉበት ተነክቷል ብለን እንጠረጥራለን። የሲክል ሴል ታማሚ ግን መድኃኒት ከመውሰዱ በፊትም ቢሊሩቢኑ ከፍ ያለ ነው። ቀይ የደም ሴሎች ያለማቋረጥ ስለሚፈርሱ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ የሚኖር ታማሚ ብዙ ነው። ኤኤስቲም በቀይ የደም ሴል ውስጥ ስለሚገኝ ሴሉ ሲፈርስ አብሮ ይፈስሳል። ስለዚህ ሙከራውን የሚከታተል ሰው «ከመደበኛው በላይ» የሚለውን የተለመደ መስፈርት እንዳለ ቢጠቀም ተሳታፊዎቹን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የጉበት ሕመምተኞች ሊያደርጋቸው ነው። መፍትሔው እያንዳንዱን ታማሚ ከራሱ የመነሻ ልክ ጋር ማወዳደርና ከቀይ የደም ሴል መፍረስ ጋር እምብዛም ግንኙነት የሌለውን ኤኤልቲን ማየት ነው።

የኩላሊት ነገር ደግሞ የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ቁጥሩ የሚያታልለው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው። የኩላሊትን ሥራ የምንገምተው በደም ውስጥ ባለው ክሬአቲኒን ነው። በሲክል ሴል ታማሚ ግን ኩላሊቱ ክሬአቲኒንን ከተለመደው በላይ ወደ ሽንት ስለሚያስወጣ የደሙ ቁጥር ዝቅ ብሎ ይታያል። ኩላሊቱ በእርግጥ እየደከመ ሳለ ወረቀቱ ላይ «ኖርማል» የሚል ይጻፋል። ሃይድሮክሲዩሪያን የመሰለ በኩላሊት በኩል የሚወጣ መድኃኒት ለዚህ ሰው ሲሰጥ ደሙ ውስጥ ሊጠራቀምበት ይችላል። የክሬአቲኒን ማጣሪያ መጠኑ በደቂቃ ከ60 ሚሊ ሊትር በታች ለሆነ ታማሚ የሃይድሮክሲዩሪያ መነሻ መጠን በግማሽ እንዲቀነስ መመሪያው የሚያዝዘውም የኩላሊት ድካም መጠኑን ስለሚለውጠው ነው።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ መድኃኒቱ ራሱ ምርመራውን ያውካል። ቮክሴሎቶር ከሄሞግሎቢን ጋር ስለሚጣበቅ የሄሞግሎቢን ዓይነቶችን ለይቶ የሚለካው ማሽን የተዛባ ንባብ ይሰጥ ነበር።

ሌላው ችግር ከትርጉም የሚመነጭ ነው። በክሊኒካዊ ሙከራ ሕግ «ከባድ ጉዳት» የሚባለው ሞትን ያስከተለ፣ ሕይወትን አደጋ ላይ የጣለ፣ ሆስፒታል ያስተኛ ወይም ቆይታን ያራዘመ፣ አካልን ያጎደለ ወይም በጽንስ ላይ ጉድለት ያመጣ ነገር ነው። ሲክል ሴል ያለበት ሰው ደግሞ በዓመት ውስጥ ደጋግሞ ሆስፒታል ይተኛል። ሁሉንም «ከባድ ጉዳት» ብለን ብንመዘግብ መዝገቡ ይጥለቀለቃል። በዚህ ምክንያት ከበሽታው የሚመጡትን ክስተቶች ለብቻ፣ ሌሎቹን ለብቻ አድርጎ ማቅረብ የተለመደ ነው። አሠራሩ ምክንያታዊ ነው፤ ግን አንድ ቀዳዳ አለው። መድኃኒቱ የሚያደርሰው ጉዳት ሌላ ሳይሆን በሽታውን ማባባስ ቢሆንስ? ያን ጊዜ ጉዳቱ «ከበሽታው የመጣ» በሚለው ሠንጠረዥ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። ሐኪሙም ታማሚውም «ክራይሲስ ነው፣ የለመድነው ነው» ብለው ያልፉታል።

ይህን ለመያዝ የሚያስችለው ዋናው መንገድ የማነጻጸሪያ ቡድን ነው። አንድ ታማሚ ክራይሲስ ሲይዘው ከመድኃኒቱ ይሁን ከበሽታው ማንም ሊለይ አይችልም። በዕጣ የተከፈሉ ሁለት ቡድኖች ሲኖሩና አንደኛው መድኃኒቱን፣ ሌላኛው ማስመሰያውን ሲወስድ ግን ልዩነቱ በቁጥር ይወጣል።

ለዚህ ከማውቃቸው ምሳሌዎች ሁሉ የሚገርመኝ የሲልዴናፊል ነው። ሲልዴናፊል ቪያግራ በሚለው ስሙ ከ1998 ጀምሮ በዓለም ሁሉ የታወቀ፣ ከ2005 ጀምሮ ደግሞ ለሳንባ የደም ግፊት የተፈቀደ መድኃኒት ነው። የሳንባ የደም ግፊት ያላቸው የሲክል ሴል ታማሚዎች ቢወስዱት ይጠቅማቸዋል ብሎ ማሰብ ተገቢ ነበር፤ እንዲያውም ይሰጧቸው የነበሩ ሐኪሞች ነበሩ። በአሜሪካና በእንግሊዝ በማስመሰያ መድኃኒት የተነጻጸረ ሙከራ ተጀመረ። 74 ሰዎች እንደገቡ በ2009 ሙከራው ቀድሞ እንዲቆም ተደረገ። ሲልዴናፊል ከወሰዱት ውስጥ 35 ከመቶ ያህሉ በሕመም ሆስፒታል ሲገቡ ማስመሰያውን ከወሰዱት ግን 14 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ሚሊዮኖች የወሰዱት መድኃኒት በዚህ በሽታ ላይ ሌላ ጠባይ አሳየ። ማነጻጸሪያው ባይኖር ኖሮ እያንዳንዱ ሐኪም በየክፍሉ «ይህ ሰው ክራይሲስ በዛበት» ከማለት አያልፍም ነበር።

ከጥቂቶች የሚገኝ ማስረጃ

እንደሚታወቀው አዲስ መድኃኒት በደረጃ ነው የሚሞከረው። መጀመሪያ በጥቂት ሰዎች ላይ መጠኑና በሰውነት ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ይታያል፤ ቀጥሎ በመቶ ገደማ፣ ከዚያም ሰፋ ባለ ቁጥር። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ጤነኛ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። በሲክል ሴል ግን ጤነኛው ሰው ሙሉ መረጃ አይሰጥም። በቀይ የደም ሴል ውስጥ ገብቶ የሚቀመጥ መድኃኒት 120 ቀን በሚኖር ሴልና 15 ቀን በሚኖር ሴል ውስጥ እኩል አይቆይም። ቮክሴሎቶርም ከጤነኞቹ ይልቅ ከታማሚዎቹ ሰውነት ቶሎ ሲወጣ ታይቷል።

ሙከራው የሚጀመረው በአዋቂዎች መሆኑም ልብ ሊባል ይገባዋል። አዋቂ ሰው ራሱ አውቆ ሊፈቅድ ይችላል፤ ልጅ አይችልም። ሃይድሮክሲዩሪያ በአሜሪካ ለአዋቂዎች ከጸደቀበት ከ1998 አንሥቶ ለልጆች በይፋ እስከተፈቀደበት እስከ 2017 ድረስ 19 ዓመት አልፏል። በዚህ በሽታ ግን «አውቆ መፍቀድ» የሚለው ነገር ራሱ ቀላል አይደለም። በክራይሲስ ላይ ያለ፣ ሞርፊን የተሰጠው ሰው ስምምነት ይፈርም ቢባል ያ ፈቃድ ምን ያህል ፈቃድ ነው? ስለዚህ ጥሩ ፕሮቶኮል ታማሚው ሕመሙ ጋብ ብሎለት ቤቱ ባለበት ወቅት እንዲጠየቅ ያደርጋል። በአሜሪካ ደግሞ አብዛኞቹ ታማሚዎች ጥቁሮች ሲሆኑ ከ1932 እስከ 1972 በተስኪጊ ጥቁር ወንዶች ቂጥኝ እያለባቸው ሕክምና ተከልክለው የተጠኑበት ታሪክ አልተረሳም። «ሙከራ» የሚለው ቃል እዚያ ከባድ ቃል ነው።

አሁን ወደ ቁጥር ልግባ፤ ስታትስቲክስ የወሰደ ሁሉ ይህችን ቀላል ሕግ ያውቃታል። አንድን መድኃኒት ለተወሰኑ ሰዎች ሰጥተን አንድም ሰው ላይ የተወሰነ ጉዳት ካላየን፣ የጉዳቱ እውነተኛ መጠን በ95 ከመቶ እርግጠኝነት ሦስትን ለሰዎቹ ቁጥር ስናካፍል ከምናገኘው አይበልጥም። 90 ሰው ላይ ምንም ካላየን 3 ለ90፣ ማለትም ከ30 ሰው አንዱን ሊጎዳ የሚችልበት ዕድል ገና አልተዘጋም። ከ30 አንድ ቀላል ቁጥር አይደለም። «በሙከራው ላይ አልታየም» ማለት «የለም» ማለት እንዳልሆነ በዚህ እንረዳለን። ለዚህ በሽታ ሰፊ ሙከራ ማድረግ ደግሞ ይከብዳል። በአሜሪካና በአውሮፓ ታማሚዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ብዙዎቹ ባሉበት አፍሪካ ሙከራ ማካሄጃ ማዕከላት ጥቂት ናቸው።

ሃይድሮክሲዩሪያ ይህን ፈተና እንዴት እንዳለፈ ማየት ይጠቅማል። መድኃኒቱ ቀድሞ ለካንሰር የሚሰጥ ሲሆን መቅኔ ደም እንዳያመርት ሊያፍን የሚችል ነው። ጥቅሙ አብዛኞቻችን ከተወለድን በኋላ የሚጠፋውን የጽንስ ሄሞግሎቢን መልሶ ማስነሣቱ ነው። በአሜሪካና በካናዳ በሚገኙ 21 ክሊኒኮች 299 አዋቂዎች ገብተውበት የነበረው ሙከራ ውጤቱ በ1995 ታተመ። በዓመት የሚደርስባቸው ክራይሲስ በመካከለኛ ግምት ማስመሰያ በወሰዱት 4.5፣ መድኃኒቱን በወሰዱት 2.5 ነበር። ሙከራው ጥቅሙ ግልጽ ስለሆነ ከታሰበለት ጊዜ ቀድሞ ቆመ። እኔን የሳበኝ ግን የደህንነቱ አሠራር ነው። መጠኑ በኪሎ ግራም 15 ሚሊ ግራም ተጀምሮ ታማሚው ከቻለው በየ12 ሳምንቱ በ5 ይጨመራል፤ ከ35 አያልፍም። ደም በየሁለት ሳምንቱ ይቆጠራል። ነጭ የደም ሴሎች ወይም ፕሌትሌቶች ከተወሰነው በታች ሲወርዱ መድኃኒቱ ይቆማል፤ ሲያገግሙ ባነሰ መጠን ይቀጥላል። ይህን ሁሉ አድርጎም የቀረ ጥያቄ ነበር፦ የካንሰር መድኃኒት ለዓመታት የወሰደ ሰው ራሱ ካንሰር ይይዘው ይሆን? ይህን ሁለት ዓመት አይመልሰውም። ስለዚህ እነዚያኑ ሰዎች መከታተላቸውን ቀጠሉ፤ የ9 ዓመቱ ውጤት በ2003፣ የ17 ዓመት ተኩሉ ደግሞ በ2010 ታተመ። የተፈራው የካንሰር መብዛት አልታየም፤ መድኃኒቱን የወሰዱት ሰዎች ሞትም አነስተኛ ነበር።

የቮክሴሎቶር ነገር

የቮክሴሎቶር ሐሳብ የሚያምር ነው። ሄሞግሎቢኑ የሚጣበቀው ኦክስጅን ሲለቅ ከሆነ፣ ኦክስጅኑን ጠበቅ አድርጎ እንዲይዝ ብናደርገውስ? አይጣበቅም፤ ሴሉም አይፈርስም፤ የደም መጠን ይጨምራል። ሆፕ በተባለው ሙከራ ከ12 እስከ 65 ዓመት የሆናቸው 274 ሰዎች በሦስት ቡድን ተከፈሉ። ከ24 ሳምንት በኋላ ከፍተኛውን መጠን ማለትም 1500 ሚሊ ግራም ከወሰዱት 51 ከመቶው ሄሞግሎቢናቸው በዴሲ ሊትር ከ1 ግራም በላይ ጨመረ፤ ማስመሰያ ከወሰዱት ግን 7 ከመቶው ብቻ። ክራይሲስን በተመለከተ በቡድኖቹ መካከል አስተማማኝ ልዩነት አልተገኘም። ቢሆንም በ2019 መድኃኒቱ በተፋጠነው መንገድ ጸደቀ። የተፋጠነ ፈቃድ ማለት «የደሙ ቁጥር መሻሻል የታማሚውን መሻሻል ያመለክታል ብለን እናምናለን፤ እናንተ ግን ቀጥላችሁ አረጋግጡ» ማለት ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። የሄሞግሎቢን ተግባር ኦክስጅን መያዝ ብቻ አይደለም፤ ሥጋ በሚፈልገው ቦታ መልቀቅም ነው። ጠበቅ አድርጎ የያዘ ሄሞግሎቢን ለአንጎልና ለኩላሊት በቂ ኦክስጅን ይሰጣል ወይ የሚለውን ጥያቄ መድኃኒቱ ከመጽደቁ በፊትም ያነሡ የደም ሐኪሞች ነበሩ። ቁጥሩ ከፍ አለ ማለት ሰውየው ዳነ ማለት ላይሆን ይችላል። ይህም አዲስ ትምህርት አልነበረም፤ ከዚያ ቀደም ሴኒካፖክ የተባለ ሌላ መድኃኒት ሄሞግሎቢንን ከፍ አድርጎ፣ የሴል መፍረስን ቀንሶ፣ ክራይሲስን ግን ሳይቀንስ በመጨረሻው ሙከራ ወድቆ ነበር።

እንግዲህ የማረጋገጫው ሙከራ ተጀመረ። የስትሮክ ስጋት ባለባቸው ከ2 እስከ 15 ዓመት ባሉ 236 ልጆች ላይ በተካሄደው ጥናት ቮክሴሎቶር ከወሰዱት 8፣ ማስመሰያ ከወሰዱት 2 ልጆች ሞቱ። ከ12 ዓመት በላይ የሆኑና በእግራቸው ላይ ቁስል ያለባቸው 88 ታማሚዎች በገቡበት ሌላ ሙከራም የሞቱት ቁጥር ከተጠበቀው በላይ ሆነ። የአውሮፓ መድኃኒቶች ኤጀንሲ በሐምሌ 2024 ምርመራ ከፈተ። ምርመራው ሳያልቅ የታማሚዎች መዝገብ ላይ የተመሠረቱ ሁለት ጥናቶች ተጨማሪ ነገር አመጡ፦ ታማሚዎቹ መድኃኒቱን በሚወስዱበት ጊዜ ክራይሲስ ከቀድሞው በዝቶባቸው ነበር። በመስከረም 2024 አምራቹ ፋይዘር መድኃኒቱን ከሁሉም አገር ሰበሰበ፤ ኤጀንሲውም ፈቃዱ እንዲታገድ አሳሰበ።

ጉዳቱ የመጣው በምን መልክ እንደሆነ ልብ በሉ። ክራይሲስ መብዛት፣ ኢንፌክሽን፣ ሞት፤ ሁሉም ሲክል ሴል ያለ መድኃኒትም የሚያመጣቸው ናቸው። መድኃኒቱን የሚከስ ለየት ያለ ምልክት፣ ሽፍታ ወይም የጉበት መቆጣት፣ አልነበረም። 90 ሰው በአንድ ቡድን በያዘ የ24 ሳምንት ውጤት ላይ ይህ ይገኛል ብሎ መጠበቅ ይከብዳል። ያጋለጠው የማረጋገጫው ግዴታና የመዝገቡ ክትትል ነው። በእኔ አስተያየት የተፋጠነ ፈቃድ በራሱ ስሕተት አይደለም፤ ሌላ አማራጭ የሌለው ታማሚ 10 ዓመት ይጠብቅ ማለትም ጭካኔ ነው። የሚያሳስበው ማረጋገጫው አምስት ዓመት ሲዘገይ በመሃል መድኃኒቱን በሺዎች መውሰዳቸው ነው። መሰብሰቡም ለሁሉም ደስታ አልነበረም። ሄሞግሎቢናቸው በጣም ዝቅተኛ የነበረና በመድኃኒቱ እፎይ ያሉ አዋቂዎች ድንገት ሲያጡት ምን እናድርግ ብለዋል፤ ሐኪሞቻቸውም መድኃኒቱ ሲቋረጥ ደማቸው እንዳያሽቆለቁል በቅርብ መከታተል ነበረባቸው።

ከዚህ ታሪክ ጋር አብሮ የሚነሣው የቦታ ጉዳይ ነው። ከሟቾቹ ውስጥ ወባን ጨምሮ በኢንፌክሽን የሞቱ ነበሩ፤ የሙከራ ጣቢያዎቹም ናይጄሪያና ኬንያን የመሳሰሉ ወባ ያለባቸውን አገሮች ያካተቱ ናቸው። የሲክል ሴል ጂን የበዛው ወባ ባለበት ቦታ ስለሆነ ይህ ሊያስገርመን አይገባም። ጂኑን ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰ ሰው ከከባድ ወባ ይጠበቃል፤ ከሁለቱም የወረሰው ታማሚ ግን ወባ ሲይዘው በብርቱ ይጎዳል። (ፈተና ላይ የምንሳሳተው እዚህች ጋ ነው።) ስለዚህ በለንደን ደህና የሆነ መድኃኒት በኪሱሙም ደህና ነው ብሎ አስቀድሞ መናገር አይቻልም።

ሃይድሮክሲዩሪያ በዚህ በኩል የተሻለ ዕድል ገጥሞታል። መድኃኒቱ ነጭ የደም ሴሎችን ስለሚቀንስ ወባን ያባብስ ይሆናል የሚል ስጋት ነበር። ይህን ስጋት በግምት ከመተው ይልቅ ኡጋንዳ ውስጥ በሙላጎ ሆስፒታል በ208 ልጆች ላይ ይህንኑ ጥያቄ ብቻ የሚመልስ ሙከራ ተደረገ፤ በ2017 የታተመው ውጤት የወባ መጨመር እንደሌለ አሳየ። ከዚያ በአንጎላ፣ በዲሞክራቲክ ኮንጎ፣ በኬንያና በኡጋንዳ 606 ልጆች የወሰዱበት ጥናት በ2019 ታተመ። በዚህኛው ወባ እንዲያውም ከመድኃኒቱ በፊት ከነበረው በግማሽ ያህል ቀነሰ። ጥናቶቹ በልጆች ላይ ቢሆኑም አሠራሩ ለአዋቂም ያው ነው፤ ስጋቱ በታወቀበት ቦታ ሄዶ አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

ክሪዛንሊዙማብን በአጭሩ ልለፈው። በ2017 በታተመው ሙከራ ከ16 እስከ 65 ዓመት በሆኑ 198 ታማሚዎች ላይ ክራይሲስን በዓመት ከ2.98 ወደ 1.63 አውርዶ ነበር። በኋላ የተካሄደው ሰፊ ሙከራ ግን ከማስመሰያው ልዩነት አላሳየም፤ የአውሮፓ ፈቃዱም በዚሁ ተነሣ። ይህ መድኃኒት እንደ ቮክሴሎቶር በሞት አልተከሰሰም። ነገር ግን ደህንነት የሚመዘነው ከጥቅም ጋር ነው። ጥቅም በሌለበት በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ትንሹ ጉዳቱም ብዙ ነው።

የጂን ሕክምናና 15 ዓመት

በታኅሣሥ 2023 አሜሪካ ካስጌቪና ሊፍጄኒያ የተባሉ ሁለት የጂን ሕክምናዎችን 12 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናቸው ታማሚዎች አጸደቀች። ካስጌቪ ክሪስፐርን ተጠቅሞ የጽንስ ሄሞግሎቢንን የሚያፍነውን ጂን ይቆርጣል፤ ሊፍጄኒያ በተዳከመ ቫይረስ አማካይነት አዲስ ግሎቢን ጂን ያስገባል። በካስጌቪ ሙከራ በበቂ ጊዜ ክትትል ከተደረገላቸው 30 ሰዎች 29ኙ ቢያንስ ለ12 ተከታታይ ወራት ያለ ከባድ ክራይሲስ ቆይተዋል። ይህ በሽታውን ለሚያውቅ ሰው ትልቅ ነገር ነው።

የደህንነቱ ጥያቄ ግን ከክኒን ይለያል። ክኒን ጎጂ ሆኖ ሲገኝ ይቆማል። የታረመ መቅኔ አንዴ ከገባ አይወጣም። በተጨማሪም አዲሶቹ ሴሎች ቦታ እንዲያገኙ የታማሚው የቀድሞ መቅኔ ቡሱልፋን በተባለ ኬሞቴራፒ ይደመሰሳል፤ ይህም መካንነትን ሊያስከትል ይችላል። የማነጻጸሪያ ቡድን ማቆምም አይቻልም፤ ለማንም ሰው ማስመሰያ ብለን መቅኔውን አንደመስስበትም። ስለዚህ እያንዳንዱ ታማሚ የሚነጻጸረው ካለፈው የራሱ ታሪክ ጋር ነው፤ እስካሁን ያልነው የማነጻጸሪያ ጥቅም እዚህ ይቀርብናል ማለት ነው።

ይህ እጥረት ምን እንደሚያስከትል በሊፍጄኒያ ታይቷል። በመጀመሪያው ቡድን ከታከሙት 7 ሰዎች ሁለቱ የደም ካንሰር ይዟቸው ሞቱ። በ2021 ሙከራው ለጊዜው ቆሞ ካንሰሩ ከምን እንደመጣ ተመረመረ። ቫይረሱ ጂኑን ያስገባው ካንሰር በሚያስነሣ ቦታ ይሆን? የአንደኛው ታማሚ ሴሎች ሲመረመሩ ቫይረሱ ያረፈበት ቦታ ለካንሰሩ መንስኤ መሆኑ የማይመስል ሆኖ ተገኘ። ታዲያ ኬሞቴራፒው? ወይስ ለዓመታት ደም ለማምረት ሲጣደፍ የኖረው መቅኔ አስቀድሞ ጉድለት ይዞ ነበር? እዚህም ያው የድሮው ችግር ተመለሰ፤ ጉዳቱ የሕክምናው ይሁን የበሽታው መለየት። በኋላ የሴል አሰባሰቡና ዝግጅቱ ተሻሽሎ ሙከራው ቀጠለ፤ ሕክምናው ሲጸድቅም የደም ካንሰርን የሚመለከት ከባዱ ማስጠንቀቂያ አብሮት ተጻፈ።

በሙከራው የተካተቱትን ሰዎች ዕድሜ ማየትም ያስፈልጋል። የካስጌቪ ዋና ሙከራ የተቀበለው ከ12 እስከ 35 ዓመት ያሉትን፣ ቡሱልፋንን ሊቋቋም የሚችል ኩላሊት፣ ጉበትና ሳንባ ያላቸውን ነው። ፈቃዱ ግን ለዕድሜ ጣሪያ አላበጀለትም። ኩላሊቱ የደከመው የ48 ዓመት ሰው ሐኪሙን «ይህ ለእኔ ደህና ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ሐኪሙ የሚያሳየው ሠንጠረዥ የለውም። የሚመልሰው ከሌሎች የመቅኔ ንቅለ ተከላ ታካሚዎች ልምድ እየገመተ ነው። ይህ ክፍተት ሊሞላ የሚችለው ከፈቃዱ በኋላ በሚያዘው መዝገብ ነው። የታከሙት ሁሉ ለ15 ዓመት ክትትል እንዲደረግላቸው ታቅዷል፤ በ2019 በሙከራው መጀመሪያ ላይ የታከሙት ሰዎች ክትትል የሚያበቃው በ2034 ነው።